የቆዩ የአማርኛ ድርሰቶችን በጨዋታና በእጅ ሥራ ለተማሪዎች ማስተዋወቅ፦ ለመምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ በከሰዓት ፈረቃ አማርኛ ያስተማረ ሰው የሚከተለውን ትዕይንት ያውቀዋል። መስኮቱ ቢከፈትም ነፋስ የለም፤ ተማሪው በደብተሩ ፊቱን ያራግባል፤ መምህሩ ደግሞ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን ፍቅር እስከ መቃብርን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ፣ የመጽሐፉን ጭብጥና መቼት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ያጠናል፣ መጽሐፉን ግን አይከፍትም። ጥፋቱ የተማሪው ሰነፍነት ወይም የመጽሐፉ ማርጀት አይደለም። መጽሐፉ በተማሪው እጅ ከመግባቱ በፊት ማብራሪያው ቀድሞ ስለሚገባ፣ ለማንበብ የሚያጓጓ ነገር አይተርፍም።

በድሬዳዋና በሐረር ሌላም ችግር ይጨመራል። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ቤት ውስጥ የሚናገሩት ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ነው፤ አማርኛ የሚናገሩትም ቢሆኑ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የጎጃም ደጋ፣ የባላባት ግቢና የቆሎ ተማሪ ኑሮ በዓይናቸው አላዩትም። ስለዚህ ወደ መጽሐፉ የሚያደርሰውን መንገድ ከራሳችን ሰፈር መጀመር አለብን። ይህ መመሪያ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል (በመጨረሻ አካባቢ ደግሞ 5ኛና 6ኛ ክፍል) ለሚያስተምሩ መምህራን፣ እንዲሁም የሥነ ጽሑፍ ክበብና ቤተ መጻሕፍት ለሚመሩ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜና ከ50 እስከ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ የሚወሰን ነገር፦ አንድ ምንባብ፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ጥያቄ

በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት በአንዱ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቼን ሦስት ሳምንት ሙሉ በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ያሉትን ባላባት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ ሲያስመስሉ አሰነበትኳቸው። ካባ ከመጋረጃ ተሰፋ፣ ጋሻ ከካርቶን ተቆረጠ፣ ልጆቹ ከልባቸው ተጫወቱ፣ ወላጆችም መጥተው አጨበጨቡ። በመጨረሻው ቀን መጽሐፉን ከፍቶ ያነበበ እጁን እንዲያወጣ ስጠይቅ አራት ልጆች ብቻ አወጡ። የቀሩት የተጫወቱት እኔ የነገርኳቸውን ታሪክ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማልለቀው ደንብ አለኝ፦ ማንኛውም ጨዋታ በዚያው ክፍለ ጊዜ፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ ተማሪውን ወደ አንድ የተወሰነ ገጽ ማድረስ አለበት፤ ገጹ ላይም ጨዋታው ያስነሳው፣ ነገር ግን ያልመለሰው ጥያቄ መልስ መገኘት አለበት።

ስለዚህ ከማንኛውም ዝግጅት በፊት በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ። የመጀመሪያው ምንባቡ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ገጽ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለመጀመሪያ ቀን ይበዛል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ወይም የሚሠራ አንድ ዕቃ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄው ነው። «ፊታውራሪ መሸሻ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ ተማሪው ሳያነብ ከጓደኛው ሰምቶ ይመልሰዋል። «ፊታውራሪው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ የመጡትን ሁሉ ምን ምን ምክንያት እየሰጡ መለሷቸው?» የሚለው ግን ካላነበበ አይመለስም። ጥያቄው ካልተገኘ ጨዋታው ምንም ያህል ቢያምር ይተውት።

የመጽሐፉን መጨረሻ ፈጽሞ አይናገሩ። ርእሱ የሚጠቁመው ይበቃል። አስቀድሞ ያነበበ ተማሪ ካለም ለብቻ ጠርተው ምስጢር ጠባቂ አድርገው ይሹሙት፤ ልጅ ምስጢር ሲሰጠው ከሚጠብቀው በላይ ይጠነቀቃል።

ዕቃ ማሰባሰብ

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አያስፈልግም። ሐረር ያላችሁ፣ በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የሚሠሩትን ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ እንዲያስቀምጡላችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ብትለምኑ ከረጢት ሙሉ ታገኛላችሁ። ድሬዳዋ ላይም ካርቶን ከሱቅ፣ አሸዋ ከደቻቱ ወንዝ፣ ጥላሸት ከየቤቱ ድስት ቂጥ ይገኛል። ከዚህ ሌላ አሥር ሜትር ያህል ገመድ፣ ጥቂት ሻማ፣ አንድ ኪሎ ጀሶ፣ ሸክላ አፈርና መቃ ወይም ሸምበቆ ካለ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ ይሠራል። ምንባቡን ለየቡድኑ አንድ ቅጂ ለክፍል ሥራ ብቻ ያባዙ፤ ፎቶ ኮፒ ከሌለ ጽሑፋቸው የሚያምር ተማሪዎች በእጅ ይገልብጡት፤ ገልባጮቹም በዚያው አንብበውት ያድራሉ።

አንደኛ ጨዋታ፦ ማዕረግን በሜዳ ላይ ማግኘት

በቆዩ ድርሰቶቻችን ውስጥ ተማሪውን ቶሎ ከሚያደናቅፉት ነገሮች አንዱ የማዕረግ ስም ነው። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች የሚሉት ቃላት ለእርሱ ትርጉም የሌላቸው ቅጽሎች ስለሚመስሉት እየዘለለ ያነባል። ይህን በማብራሪያ ሳይሆን በእግር ማስተማር ይቻላል።

ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ ያውጡ። በጠመኔ ወይም በእንጨት መሬት ላይ አንድ ትልቅ ቀስት ይሳሉ፤ ቀስቱ ጦሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል። መሐል ላይ ድንኳን የሚተካ ካርቶን ያስቀምጡና አንድ ተማሪ ከአጠገቡ ቁሞ ራስ ይሁን። ከዚያ ሌሎቹን የማዕረግ ስሞች በካርድ ጽፈው ለአራት ተማሪዎች ይስጡና አንድ ነገር ብቻ ይንገሯቸው፦ «ቦታችሁ ስማችሁ ውስጥ ተጽፏል፤ ፈልጋችሁ ቁሙ።»

ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ መምህር ለመርዳት የሚቸኩለውም በዚህ ጊዜ ነው፣ ነገር ግን ይታገሡ። አንድ ቀን ግራዝማች የተባለች ልጅ ካርዷን በጣቷ እየሸፈነች፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስትገልጥ አየኋት። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ «ቲቸር፣ ግራ አለበት!» ብላ ጮኸችና ወደ ቀስቱ ግራ ሮጠች። ቀኛዝማች የተባለው ሳይነገረው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ፊታውራሪው የፊት መሪ መሆኑን አውቆ ከቀስቱ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ደጃዝማቹ ትንሽ ከተከራከረ በኋላ ከድንኳኑ ደጅ ተሰለፈ። አዝማች ማለት የሚያዘምት፣ ጦር የሚመራ መሆኑን ለመናገር ከዚያ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

ሁሉም በቦታው ከቆመ በኋላ፣ ባላምባራስ የሚል ካርድ ለአንድ ሌላ ተማሪ ጨምረው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ያድርጉ፦ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ። እዚህ ላይ ፊታውራሪው መሐል ላይ መዋሉን፣ ከእርሱ በላይ ሌሎች መኖራቸውን ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያያሉ። ጥያቄውም ይህን ተከትሎ ይመጣል፦ «ከእርሳቸው በላይ ሌላ ሹም እያለ ፊታውራሪ መሸሻ በምን ነበር ይህን ያህል የሚኮሩት?» ወዲያው ወደ ክፍል ይመለሱና ፊታውራሪው ስለ ዘራቸውና ስለ ጀግንነታቸው የሚናገሩበትን ምንባብ ያድሉ።

ሁለተኛ ጨዋታ፦ አንተና አንቱ

የድሬ ልጅ አንቱታ እንደማያበዛ ሁላችንም እናውቃለን። ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ብሎ ማነጋገር በከተማችን የመቅረብና የመውደድ ምልክት እንጂ ንቀት አይደለም፤ ይህም ከተማችን ካላት ውብ ነገር አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በድርሰቱ ውስጥ አንድ ገበሬ ፊታውራሪን አንተ ቢል ምን እንደሚከተለው ያልገባው ተማሪ፣ የታሪኩ ግማሽ ያመልጠዋል። የመጽሐፉ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማን ጋር ማን እንዴት ይነጋገራል ከሚለው ነውና።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ስድስት የድርሻ ካርዶች በየቡድኑ ያዘጋጁ፦ ባላባት፣ የባላባት ሚስት፣ ልጃቸው፣ የልጃቸው አስተማሪ፣ ጭሰኛና አሽከር። ተማሪዎቹ ካርዱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወሩ የሚያገኙትን ሰው አንድ ነገር ይለምናሉ፤ ለምሳሌ ውኃ፣ መንገድ ወይም ፈቃድ። የማነጋገሪያውን ደረጃ የሳተ ቦታው ተመልሶ ይቀመጣል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያስቁሙና ድርሻቸውን ያቀያይሩ፤ ባላባት የነበረው አሽከር፣ አሽከር የነበረችው ባላባት ትሁን። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ባላባት ሆኖ ሲያዝ የነበረ ልጅ አሽከር ሲሆን ድምፁ በራሱ ይቀንሳል፤ ይህን ለውጥ ለክፍሉ ያሳዩ።

የሐረር ተማሪ ደግሞ ይህን የሚረዳበት ሌላ መንገድ በቤቱ አለው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ያለው ነደባ፣ ማለትም የመቀመጫው መደብ፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አሚር ነደባ ላይ የሚቀመጠውና ጊዲር ነደባ ላይ የሚቀመጠው ሰው በዕድሜና በክብር ይለያል። ተማሪዎቹ የቤታቸውን ነደባ ደብተራቸው ላይ ስለው ማን የት እንደሚቀመጥ ይጻፉበት፤ ከጎኑ ደግሞ የፊታውራሪውን እልፍኝ ስለው በመጽሐፉ ያሉትን ሰዎች ያስቀምጡ። በዛብህ፣ ለልጃቸው ፊደል የሚያስቆጥረው የድኻ ልጅ፣ የት ይቀመጣል? ተማሪዎቹ ይህን ጥያቄ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምንባቡን ያድሏቸውና በሁለት ቀለም እንዲያሰምሩበት ያድርጉ፤ አንተ በተባለበት አንድ፣ አንቱ በተባለበት ሌላ። አጠራሩ በሁለት ሰዎች መካከል የሚለወጥ ከሆነም የተለወጠበትን መስመር በክበብ ይክበቡት።

ሦስተኛ ጨዋታ፦ መንገዱን በገመድ መለካት

ይህ አጭር ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ተማሪዎቹ ያውቃሉ፤ የደንገጎን ዳገት በመኪና ያልወጣ ልጅ በክፍሉ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መለኪያችን ይህ ይሁን፦ አንድ ክንድ ገመድ አንድ ድሬ–ሐረር ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አምስት ክንድ ተኩል ይሆናል። ገመዱን አሸዋ ላይ ዘርግተው በመሐሉ የዓባይን ሸለቆ በእጃቸው ይቆፍሩ፤ በዛብህ የተወለደበትን ማንኩሳንና ሰብለ ወንጌል የምትኖርበትን ዲማን በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ አንድ እግረኛ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ያሰሉ። አሥር ቀን የሚል መልስ ሲያገኙ፣ ያለ ስልክና ያለ ባቡር ከሰው የተለየ ሰው ምን ያህል እንደራቀ ይገባቸዋል። ገመዱን አይጣሉት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

አራተኛ ጨዋታ፦ ቀለም መበጥበጥና ደብዳቤ መጻፍ

በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደ ልባቸው ሊነጋገሩ የማይችሉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ደብዳቤ ትልቅ ቦታ አለው። ዛሬ መልእክት በአንድ ጣት የሚልክ ልጅ የአንዲት ደብዳቤን ክብደት እንዲያውቅ ከፈለጉ ቀለሙን ራሱ ይበጥብጥ።

በየቡድኑ ሁለት የሻይ ማንኪያ በወንፊት የተነፋ ጥላሸት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የግራር ሙጫ ሌሊቱን በጥቂት ውኃ የተዘፈዘፈ፣ አንድ የተሰበረ ሲኒ ይኑር። ሙጫው ማር መስሎ ሲቀልጥ ጥላሸቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በዱላ ጫፍ ይሹት፤ ውኃ በጠብታ ይጨመር። ቀለሙ ከጣት ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሲሆን ደርሷል። የቀጠነ እንደሆነ ወረቀቱ ይመጠዋል፤ የወፈረ እንደሆነ ከብዕሩ አይወርድም። በድሬ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ሲኒው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። መቃውን በሰያፍ ቀርጦ ጫፉን በመሐሉ መሰንጠቅ የመምህሩ ሥራ ይሁን፤ ምላጭ ለ50 ተማሪ አይታደልም።

በዚህ ሥራ ላይ ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ቁርአን ቤት የተማሩ ልጆች መቃ ብዕርና የጥላሸት ቀለም በሎህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ፣ ላይ ሲጽፉ ስለለመዱት፣ ከመምህሩ የተሻለ ያውቃሉ። ሐረር የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት የተገለበጡባትና የተጠረዙባት ከተማ መሆኗንም አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል። እነዚህን ልጆች በየቡድኑ አንድ አንድ አድርገው ይመድቡና እነርሱ ያስተምሩ። የቆሎ ተማሪው በዛብህ በለምዱና በአኩፋዳው ከደረሳው (ከቁርአን ተማሪው) ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚነገረው ያኔ ነው፤ ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው፣ ሰው በሰጣቸው እህል እያደሩ ለዕውቀት የተንከራተቱ ልጆች ናቸው። የቤተ ክህነት ሕይወት የበዛበትን መጽሐፍ የተለያየ እምነት ባለበት ክፍል ማስተማር ያስቸግራል የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፣ በሩ በዚህ በኩል ከተከፈተ።

ቀለሙ ሲደርስ እያንዳንዱ ተማሪ ከአምስት መስመር ያልበለጠ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ደንቡም የተቀባዩ ስምና «መውደድ» የሚለው ቃል እንዳይገባበት ነው። ለእናት፣ ለራቀ ወንድም፣ ለተጣሉት ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ የፍቅር ደብዳቤ እንዲጽፉ ማስገደድ በዚህ ዕድሜ ያሳፍራቸዋል። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ አይነበብም። ከደረቀ በኋላ ታጥፎ በደብተር ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያም ሁለቱ የተጻጻፉበት ምንባብ ይከፈታል። ጥያቄው፦ «እነርሱስ በግልጽ ያላሉት ነገር ምንድን ነው?»

አምስተኛ ጨዋታ፦ ሰምና ወርቅ በእጅ

በዛብህ ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ ቅኔን ያላወቀ አንባቢም የእርሱን ችሎታ በስም ብቻ ይቀበላል። ሰምና ወርቅ የሚለውን ለማስረዳት ብዙ ቃል ከምናባክን፣ ስያሜው ወደመጣበት ወደ አንጥረኛው ሥራ እንመለስ። አንጥረኛ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በሸክላ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በባዶው ቦታ ወርቅ ያፈሳል። እኛ በወርቅ ፋንታ ጀሶ እንጠቀማለን። ሥራው ሦስት ቀን ስለሚወስድ ሰኞ ቢጀመር ይሻላል።

ሰኞ፣ ለየቡድኑ አውራ ጣት የሚያህል የሻማ ሰም ይሰጥ። በእጅ መሐል ሲታሽ ይለሰልሳል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ሳይታሽም ይለሰልሳል። ከእርሱ አንድ ወፍራም ፊደል ይሠሩ፤ ሀ፣ በ ወይም ተ ያሉት ቀለል ይላሉ። ከፊደሉ አናት ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የሰም ዘንግ ይቀጠል፤ ኋላ ማፍሰሻው እርሱ ነው። ከዚያ በደንብ በታሸ ሸክላ ሁለት ጣት ያህል አወፍረው ይሸፍኑት፣ የዘንጉ ጫፍ ብቻ ውጭ ይቅር። በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ያደረቀ ቡድን ማክሰኞ የተሰነጠቀ ጭቃ ያገኛል፤ አንድ ቡድን ይህ ቢደርስበት እንኳ ሌሎቹ ያካፍሉት።

ረቡዕ፣ ሰሙን ማውጣት የመምህሩ ብቻ ሥራ ነው። ለስለስ ባለ ከሰል ላይ የብረት ትሪ ያስቀምጡና ሸክላውን አፉን ወደ ታች አድርገው፣ ትሪውን በትንሹ አዘንብለው ያሙቁት። ሰም በ60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ኃይለኛ እሳት አያስፈልግም፤ ከሰሉ ላይ ቢንጠባጠብ ሊቀጣጠል ስለሚችል በአጠገብዎ አንድ ባልዲ አሸዋ ይኑር፣ ተማሪዎቹም ቢያንስ ሦስት እርምጃ ርቀው ይቁሙ። ሰሙ ወርዶ ሲያልቅ ሸክላውን ያብርዱትና ለቡድኑ ይመልሱ። አሁን በእጃቸው ያለው ውስጡ የማይታይ ባዶ ነው። ጀሶውን እንደ እርጎ በጥብጠው በቀዳዳው ያፍስሱ፣ በመሬት ላይ ቀስ ብለው እያነኳኩ አየሩን ያስወጡ፣ አንድ ሰዓት ያቆዩት።

ሸክላው ተሰብሮ ነጩ ፊደል ሲወጣ የክፍሉ ድምፅ ይለወጣል። ያኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ። እኔ ለዚሁ ሥራ የገጠምኩትን እነሆ፦

ደብተሯን አቅፋ ከደጅ የቆመችው፣
ተማሪ ነው ስሟ እናቷ ያወጣችው።

ሰሙ ምን ይላል ብለው ይጠይቁ። ልጅቷ ተማሪ ትባላለች ይላሉ። «አሁን ሸክላውን ስበሩት» ይበሏቸው። «ተማሪ» የሚለው ቃል ስም ብቻ ሳይሆን ለሴት ልጅ የሚሰጥ ትእዛዝም መሆኑን የሚያገኝ ልጅ አይጠፋም፤ እናትየው ስም አውጥታ የተወቻት ሳይሆን «ተማሪ!» ብላ ያዘዘቻት ናት። ቡድኖቹ ራሳቸው ሁለት መልክ ያላቸውን ቃላት እየፈለጉ ሁለት ሁለት መስመር ይሞክሩ። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚናገሩ ልጆች በየቋንቋቸው ያለውን የቃል ጨዋታ ቢያመጡ ይፍቀዱላቸው፤ ሥራው ቅኔ ምን እንደሆነ ማወቅ ነውና። ከዚያ በዛብህ በትምህርት ቤት ያሳለፈውን ዘመን የሚተርከውን ክፍል ያንብቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፅ ይምጣ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ፍቅር እስከ መቃብር በስልክም ይገኛል። አምስት ደቂቃ ያሰሙና ታሪኩ ሲጦዝ ያቁሙት። ልጆቹ ይቆጣሉ፣ ቁጣቸው ጥሩ ነው፤ የቀረውን የሚያገኙበትን ገጽ ብቻ ይንገሯቸው።

ለታናናሾቹ፦ ጭምብልና የጨርቅ አሻንጉሊት

ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ልጆች ጋር ረጅም ልብ ወለድ አይጀመርም። ለእነርሱ የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ውስጥ ያሉት በግጥም የቀረቡ የእንስሳት ተረቶች ይመቻሉ። ካርቶን ቆርጠው ጭምብል ይሥሩ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው በእንቅስቃሴ ብቻ ያሳይ፤ የግጥሙ ቤት መምቻ ላይ ሁሉም በአንድነት መሬት በእግራቸው ይምቱ። ቤት መምታት ምን ማለት እንደሆነ እግራቸው ከጆሯቸው ቀድሞ ይማራል።

የሐረር መምህራን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአማርኛ ተረት ጅብ ሆዳምና ሞኝ ሆኖ ይመጣል፤ የሐረር ልጅ ግን ጅብን በጁገል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ የሚወጣ፣ ማታ ማታ ሥጋ የሚጎርስ ጎረቤት አድርጎ ነው የሚያውቀው። አንድ ትንሽ ልጅ የጅብ ጭምብል ሰጥቼው ሞኝ ሆኖ እንዲጫወት ስነግረው «የእኛ ወራባ (ጅብ) እንዲህ አይደለም» ብሎ ጭምብሉን መለሰልኝ። ይህን ተቃውሞ ማስተባበል አይገባም። ተረቱን ከጅቡ ወገን ሆነው እንደገና እንዲጽፉት ያድርጉ።

ጭምብሉ ወደ ሌላ የሥነ ጽሑፍ ታሪክም ያደርሳል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኰንን ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ኋላም ጨርጨርን አስተዳድረዋል። ተውኔቱ በእንስሳት አፍ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ስለነበር ታግዷል። ልጆቹ ከጭምብል ጀርባ ሆነው ስለ ትምህርት ቤታቸው አንድ እውነት እንዲናገሩ ከጠየቋቸው፣ ደራሲው እንስሳትን ለምን እንደመረጡ ወዲያው ይረዳሉ።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ለታተመው ለአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ ደግሞ ከመኪና ግርግር ያመጣነው ጨርቅ ይበቃል። መንታዎቹን፣ ወንድሙን ዋህድንና እህቱን ጦቢያን፣ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሁለት አሻንጉሊት አድርገው ይስፉ፤ ልብሳቸው ግን የሚወልቅና የሚጠለቅ ይሁን። ከዚያ የጦቢያን ቀሚስ አውልቀው የወንድ ልብስ ያልብሷትና «ልብሱን ስትለውጥ ምን ያገኘች፣ ምን ያጣች ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። መጽሐፉ አጭር ቢሆንም አማርኛው የቆየና ያጌጠ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መምህሩ ራሱ በደንብ ተለማምዶ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ።

በሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ክፍሉ 60 ተማሪ ከያዘ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አይሞከር። ግማሹ ሲጫወት ግማሹ ተመልካችና ጸሐፊ ይሁን፤ ጸሐፊው ያየውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይመዝግብ። አማርኛው የሚከብደው ተማሪ ሁልጊዜ ዕቃ ያዥ ሆኖ እንዳይቀር ይጠንቀቁ፤ አጭርም ቢሆን የሚያነበው መስመር አስቀድሞ ይሰጠውና ቤቱ ይለማመደው። ፊት ለፊት መቆም የሚያፍር ልጅ ካለ ከአሻንጉሊት ወይም ከጭምብል ጀርባ ይጀምር። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምረውን መምህር አስቀድሞ ማስፈቀድ አይዘንጋ፤ ጨዋታ ድምፅ አለው።

ውጤት አሰጣጥን በተመለከተ፣ ለጭምብል ማማር ወይም ለትወና ብቃት ነጥብ አይስጡ። ነጥብ የሚሰጠው ተማሪው የጨዋታውን ጥያቄ ከምንባቡ በማስረጃ ሲመልስ፣ የገጹን ቁጥር ጠቅሶ ሲከራከር ነው። መልሱ ከእርስዎ መልስ ቢለይ እንኳ ገጹ ከደገፈው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

መጽሐፉ ለክፍሉ አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ፣ በየሦስት ቀኑ ከቤት ቤት የሚዞርበትን ተራ ክፍሉ ራሱ ያውጣ። የመንገዱን ገመድ ደግሞ፣ ማንኩሳ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ስለሆነች ጥቂት ቀጥለውበት፣ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከማንኩሳ እስከ አዲስ አበባ፣ በምስማር ይዘርጉት። አንድ ተማሪ አንድ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር፣ በዛብህ በዚያ ምዕራፍ መጨረሻ የደረሰበት ቦታ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁን ከማሰሩ በፊት ግን ከአጠገቡ ቀድሞ ላሰረው ልጅ፣ በምዕራፉ ውስጥ ያልገባውን አንድ ነገር ይጠይቀዋል።